ከቀዶ ሕክምናው ይልቅ መዘግየቱን እንፍራ

(ለዱርቤቴና ለአካባቢዋ ሕዝብ የተዘጋጀ ትምህርታዊ ንግግር)

የዛሬው ርእሰ ጉዳያችን ልቡን የታመመ ሕፃንና የቀዶ ሕክምና ውሳኔ የተደቀነበት ወላጅ ነው። «የልጁ ልብ ኦፕራሲዮን ያስፈልገዋል» የሚለው ቃል ከሐኪም አፍ ሲወጣ እናትና አባት የሚሰማቸው ቢላዋው ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚባለው አብዛኛው ጆሯቸው አይገባም። ይህ ፍርሃት የሚያስወቅስ አይደለም፤ ልጁን የሚወድ ሁሉ ይፈራል። እኔ ግን ዛሬ የምከራከረው ፍርሃታችን ያረፈበት ቦታ ትክክል አይደለም ብዬ ነው። በብዙዎቹ የሕፃናት የልብ ሕመሞች ላይ ከቀዶ ሕክምናው የሚበልጠው አደጋ የመጀመሪያው ምልክት ከታየበት ቀን አንሥቶ ሕፃኑ ቀዶ ሕክምና ክፍል እስኪደርስ ድረስ የሚባክነው ጊዜ ነው። ያ ጊዜ የሚባክነው በወላጅ ጥፋት ብቻ አይደለም። ከፊሉ ካለማወቅ፣ ከፊሉ ከእጅ ማጠር፣ ከፊሉ ከአገሪቱ የሕክምና አቅም ማነስ የመጣ ነው። ከዚህ ውስጥ ጥቂት የማይባለውን ግን እዚሁ ዱርቤቴ ሆነን ልናሳጥረው እንችላለን።

የልጆች የልብ ሕመም በሁለት ትልልቅ ወገን ይከፈላል። አንደኛው አብሮ የሚወለድ ነው። በዓለም ዙሪያ ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 8 ወይም 9 የሚሆኑት የልብ አፈጣጠር ጉድለት ይዘው ይወለዳሉ። በዓመት ከ3 ሚሊዮን በላይ ሕፃናት በሚወለዱባት ኢትዮጵያ ይህን ብናሰላው በየዓመቱ ከ24,000 በላይ ሕፃናት ማለት ነው። ሁሉም ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋቸዋል ማለት ግን አይደለም፤ ትንንሽ ቀዳዳዎች ብዙውን ጊዜ በራሳቸው ጊዜ ይዘጋሉ፣ ሌሎቹም በክትትል ብቻ የሚታለፉ አሉ። እዚህ ላይ ለእናቶች በግልጽ መነገር ያለበት ነገር አለ። ነፍሰ ጡር ሳለች እንስራ ስለተሸከመች፣ ስለደነገጠች ወይም ስለተቆጣች የልጇ ልብ አልተቀደደም። በእርግዝና ጊዜ የሚይዝ የኩፍኝ መሰል በሽታ (ሩቤላ)፣ ቁጥጥር ያልተደረገበት የስኳር ሕመም፣ አንዳንድ መድኃኒቶችና የዘር ሁኔታዎች አደጋውን እንደሚጨምሩ ይታወቃል፤ በአብዛኛው ልጅ ላይ ግን ይህ ነው የሚባል አንድ ምክንያት አይገኝም። እናቲቱን መውቀስ በሽታውን እንድትደብቅ ከማድረግ ሌላ ጥቅም የለውም፤ በሽታውን የደበቀ ደግሞ መድኃኒት የለውም።

ጊዜ ለምን ወሳኝ እንደሆነ ለመረዳት የልብን አሠራር በጥቂቱ ማየት ይበቃል። የልብ ቀኝ ጎን በሰውነት ዞሮ የተመለሰውን ደም ወደ ሳንባ ይልካል፤ ግራ ጎኑ ከሳንባ ኦክስጅን ይዞ የመጣውን ደም በኃይል ወደ መላ ሰውነት ይገፋል። ሁለቱን የሚለየው ግድግዳ ቀዳዳ ካለው፣ ወይም ሕፃኑ በማሕፀን ሳለ ሲያገለግለው የነበረው ቧንቧ ከተወለደ በኋላ ሳይዘጋ ከቀረ፣ የግራው ደም ወደ ቀኝ እየሾለከ ሳንባን ያጥለቀልቃል። በመራዊ በኩል ያለውን የቆጋን መስኖ የምታውቁ ገበሬዎች ቦይ ሲነደል ምን እንደሚሆን አይጠፋችሁም፤ የታሰበለት ማሳ ይጠማል፣ አጠገቡ ያለው ደግሞ ውኃ ተኝቶበት ይበላሻል። ልቡ የተቀደደ ሕፃን ሰውነቱ የሚቀጭጨው፣ ሳንባው የሚታመመው በዚሁ መንገድ ነው። የሳንባ ደም ሥሮች ከአቅማቸው በላይ የመጣውን ግፊት ለመቋቋም ሲሉ እየወፈሩና እየጠበቡ ይሄዳሉ። ለውጡ ከተወሰነ ደረጃ ካለፈ አይመለስም፤ ያን ጊዜ ቀዳዳውን መዝጋት ራሱ ልጁን ሊገድለው ስለሚችል ሐኪሞቹ ከቀዶ ሕክምናው ይቆጠባሉ። ሐኪሙም መሣሪያውም እያሉ «አሁን አይቻልም» የሚባለው ለዚህ ነው። ትልቅ ቀዳዳ ያለው ሕፃን በተቻለ መጠን የመጀመሪያ ዓመቱ ሳያልፍ እንዲታከም የሚመከረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በዚህ ውስጥ ወላጅን በቀላሉ የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። የሳንባው ደም ሥሮች እየጠበቡ ሲሄዱ ወደ ሳንባ የሚጎርፈው ደም ስለሚቀንስ የሕፃኑ ትንፋሽ ይሻለዋል፤ የሳንባ ምች መመላለሱ ይቀራል፤ መጥባትም ይጀምራል። ቤተሰቡ «ተመስገን፣ ዳነልን» ብሎ የቀጠሮ ካርዱን ያስቀምጠዋል። ልጁ ግን የዳነ መስሎ የመዳኛ ጊዜው እያለፈበት ነው። ስለዚህ የልብ ችግር አለበት የተባለ ሕፃን መሻሻል በቤት ዓይን ብቻ አይፈረድም፤ ተሻለውም አልተሻለውም በቀጠሮው ቀን ይታያል።

ምልክቶቹን ማወቅ ሐኪም መሆን አይጠይቅም። ጡት የሚጠባን ሕፃን ልብ ብሎ ማየት ብዙውን ይናገራል። ጤነኛ ሕፃን ሲርበው አጥብቆ ይጠባል፣ ሲጠግብ ይተኛል። ልቡ የደከመው ሕፃን ጥቂት ስቦ ያቆማል፤ ትንፋሹን ይሰበስባል፤ እንደገና ይስባል፤ ያቆማል። ቤቱ ሳይሞቅ ግንባሩና ማጅራቱ በላብ ይርሳል፤ ሳይጠግብ ደክሞት ይተኛል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ርቦት ያለቅሳል። በእያንዳንዱ ትንፋሽ የጎድን አጥንቶቹ ሥር ያለው ቆዳ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ትንፋሹን መቁጠርም ይቻላል። ሕፃኑ ሲረጋጋ አንድ ሙሉ ደቂቃ ደረቱን እያዩ መቁጠር ነው፤ ዕድሜው ከ2 ወር በታች ከሆነ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 እስከ 12 ወር ከሆነ 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ከሆነ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው፤ ወደ ጤና ተቋም ያስኬዳል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቻችን ይህን ቆጠራ የሚሠሩት ለሳንባ ምች ነው። ያው ሕፃን ደጋግሞ የሳንባ ምች ከያዘው፣ ክብደትም ካልጨመረ ግን «ልቡስ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። የኦክስጅን እጥረት የሚያመጣውን መጥቆርም ከፊት ቆዳ ይልቅ ከምላስና ከድድ ላይ ማየት ይሻላል። መሮጥ የጀመረ ልጅ ሲጫወት ቆይቶ ድንገት ቁጢጥ ብሎ የሚያርፍ ከሆነና ከንፈሩ የሚጠቁር ከሆነ ነገ ዛሬ ሳይባል ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ሁለተኛው ወገን ልጁ ጤነኛ ልብ ይዞ ተወልዶ በኋላ የሚያገኘው ነው። እኛ «ቶንሲል» የምንለው የጉሮሮ ሕመም አንዳንዱ በባክቴሪያ የሚመጣ ነው። ይህ በሚገባ ካልታከመ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ፣ በተለይ ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ፣ የሰውነት መከላከያ ኃይል የራሱን ልብ እንዲያጠቃ ሊያደርግ ይችላል። ምልክቱ ከጉልበት ወደ ቁርጭምጭሚት፣ ከቁርጭምጭሚት ወደ ክርን የሚዛወር የመገጣጠሚያ ሕመምና ትኩሳት ነው፤ አንዳንዱ ልጅ ላይ እጅና እግር ያለፈቃድ ይወራጫል። የመገጣጠሚያው ሕመም ምልክት ሳይተው ያልፋል፤ የልብ በሮች (ቫልቮች) ላይ የቀረው ጠባሳ ግን አይለቅም። እንጥል ማስቆረጥ ይህን አይከላከልም፤ የደም መፍሰስና የሌላ ኢንፌክሽን አደጋ ብቻ ያመጣል። በሽታው በእኛ አገር ምን ያህል እንደሚከፋ የሚያሳይ መረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት በገጠር ኢትዮጵያ በዚህ በሽታ ከተያዙት መካከል በዓመት 12.5 ከመቶው እንደሚሞቱ አሳይቷል። ኢትዮጵያን ጨምሮ በ14 አገሮች 3,343 ሕሙማንን የተከታተለ ሌላ ጥናት ደግሞ በሁለት ዓመት ውስጥ 17 ከመቶ የሚጠጉት እንደሞቱ፣ ከሟቾቹም ግማሾቹ 28 ዓመት ያልዘለሉ እንደነበሩ አግኝቷል። አርሶ የሚያበላው፣ ወልዳ የምታሳድገው ሰው ነው በዚህ ዕድሜ የሚቀጠፈው።

አሁን ወደ መከራከሪያዎቹ እንግባ። የመጀመሪያው «ልጄ ይሮጣል፣ ይስቃል፤ ነገ የሚሞትበትን ኦፕራሲዮን ለምን እፈቅዳለሁ?» የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ የሚመለሰው ሁለት አደጋዎችን ጎን ለጎን በማስቀመጥ ነው። ልጅን የሚያጠቁር «ፋሎ» የሚባል የልብ አፈጣጠር ጉድለት አለ። ቀዶ ሕክምና ካልተደረገለት በዚህ ሕመም ከተወለዱ 100 ሕፃናት አንድ ዓመት የሚሞላቸው 66፣ ሦስት ዓመት የሚሞላቸው 49፣ አሥር ዓመት የሚሞላቸው 24 ብቻ እንደሆኑ እ.ኤ.አ. በ1978 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ልምድ ባላቸው ማዕከላት በጊዜው የታከሙት ግን ከ100 ውስጥ ከ90 በላይ የሚሆኑት ለአካለ መጠን ይደርሳሉ። ያልተወሳሰበ ቀዳዳን በመዝጋት ጊዜ የሚያጋጥመው የሞት አደጋም በእነዚህ ማዕከላት ከ100 አንድ ወይም ሁለት፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ በታች ነው። አደጋ የለውም አልልም፤ አለው። ቤት መቀመጥ ግን አደጋ እንደሌለው አድርገን ማሰባችን ነው ስሕተቱ። «አልፈቅድም» ማለትም አንድ ውሳኔ ነው፤ የራሱ ዋጋም አለው።

የወላጅ ፍርሃት ከየት እንደመጣ ታሪክም ያስረዳል። የልብ ቀዶ ሕክምና በእርግጥ እጅግ አስፈሪ የነበረበት ዘመን ነበረ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1954 በአሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ዋልተን ሊላሃይ የተባለ ቀዶ ሐኪም የአንድ ሕፃን ልብ ከፍቶ ቀዳዳውን ሲዘጋ፣ ደሙን የሚያንቀሳቅስለት አስተማማኝ መሣሪያ አልነበረውም። ስለዚህ አባቱን ከጎኑ አስተኝቶ የሁለቱን የደም ሥር በቱቦ አገናኘ፤ የአባቱ ልብና ሳንባ ለልጁም ሠሩለት። ቀዳዳው ተዘጋ፤ ሕፃኑ ግን ከቀናት በኋላ በሳንባ ምች ሞተ። በዚህ ዘዴ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው 45 ሕሙማን 28ቱ ድነው ከሆስፒታል ወጡ። እነዚያ ወላጆች የራሳቸውን ሕይወት ጭምር አስይዘው የፈቀዱት ልጃቸውን ያለ ሕክምና ምን እንደሚጠብቀው ስላወቁ ነው። ዛሬ የአባትዬውን ቦታ የልብና ሳንባ ማሽን ወስዶታል፤ ከወላጅ የሚጠበቀው በጊዜ መምጣትና አውቆ መፍቀድ ነው።

በቀዶ ሕክምናው ቀን ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ማወቅ ከድንጋጤው ብዙውን ይቀንሳል። ሕፃኑ በታዘዘለት ሰዓት ከምግብ ይታቀባል፤ ይህ ትእዛዝ ለእናት አንጀት ቢከብድም ማደንዘዣ ሲሰጠው ምግቡ ወደ ሳንባው እንዳይገባ ነውና «ትንሽ ወተት ምን አለበት» አይባልም። ልቡ የሚከፈት ከሆነ የደረቱ አጥንት መካከል ላይ ይሰነጠቃል፤ ደሙ ወደ ማሽኑ ተመልሶ ኦክስጅን ይሞላል፤ ልቡ በመድኃኒት እንዲቆም ይደረጋል። ቀዳዳው ከልጁ ከራሱ የልብ ሽፋን በተወሰደ ቁራጭ ወይም ሰው ሠራሽ በሆነ ጨርቅ ይጠገናል፤ ከዚያ ልቡ እንደገና መምታት ይጀምራል። አንዳንዱ ሕመም ደረት ሳይከፈት በጭን ደም ሥር በሚገባ ቀጭን ቱቦ ይታከማል፤ ይህ የሚቻል መሆን አለመሆኑን ሐኪሙን መጠየቅ ተገቢ ነው። ወላጅ ልጁን መጀመሪያ የሚያየው በጽኑ ሕሙማን ክፍል ነው። አፉ ውስጥ የመተንፈሻ ቱቦ አለ፤ ስለዚህ ቢያለቅስም ድምፁ አይሰማም። ከደረቱ ፈሳሽ የሚወጣበት ቱቦ አለ፤ ፊቱ ሊያብጥ ይችላል። እነዚህ ነገሮች የሚጠበቁ ናቸው፤ ልጁ ተበላሸ ማለት አይደለም። የደረቱ አጥንት ለመጠገን ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ስለሚፈልግ በዚያ ጊዜ ብብቱን ይዞ ማንሣት አይገባም፤ ከጀርባውና ከመቀመጫው ሥር ደግፎ ነው። ነፍስ ላወቀ ልጅም እውነቱን በአቅሙ መንገር ይሻላል። «ምንም አያምህም» ተብሎ የገባ ልጅ ሲነቃ ሕመሙን ብቻ ሳይሆን መዋሸቱንም ያገኛል፤ ከዚያ በኋላ ለመድኃኒትም ለመርፌም እምነት ያጣል።

የፈቃድ ወረቀት ላይ መፈረም ማለት ተረድቶ መስማማት ነው። ስለዚህ ወላጅ ሊያፍርባቸው የማይገቡ ጥያቄዎች አሉ። ሕመሙ ምን ይባላል? ካልታከመ ምን ይሆናል? መቼ ቢሆን ይሻላል? አንድ ጊዜ ብቻ ነው ወይስ ሌላም ይከተላል? ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልክ የሚወሰድ መድኃኒት አለ? በቶንሲል ምክንያት የልብ በሯ ለተጎዳ ሴት ልጅ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ የግድ ነው። በሩ መጠገን ከተቻለ መጠገኑ ይመረጣል፤ በሰው ሠራሽ (ሜካኒካል) በር ከተተካ ደሟ እንዳይረጋ ዋርፋሪን የተባለውን መድኃኒት ዕድሜዋን ሙሉ መውሰድና ደሟን በየጊዜው ማስመርመር ይኖርባታል፤ መድኃኒቱም በእርግዝና ጊዜ ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል። ዛሬ የሰባት ዓመት ልጅ ላይ የሚወሰነው ነገር የዛሬ ሃያ ዓመት እናት የምትሆንበትን ቀን ይነካል። ሐኪሙ ጊዜ ወስዶ ይህን እንዲያስረዳ መጠየቅ ድፍረት አይደለም፤ የወላጅ መብት ነው።

ሁለተኛው መከራከሪያ ከእምነት የሚመጣ ነው። «ጸበል ይዘነዋል፤ ፈጣሪ ያውቃል» የሚል ቤተሰብ ብዙ ነው። የጣና ዙሪያ ሕዝብ በጸበል ያለው እምነት ጥልቅ ነው፤ ያንን ማንቋሸሽ የሚያቀርበው ሰው የለም። ጸሎትና ሕክምና ግን የሚጣሉ አይደሉም። ጸበል የያዘ ሕፃን የታዘዘለትን መድኃኒት ሳያቋርጥ ሊጠመቅ ይችላል፤ የልብ ድካም መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ግን የልጁ ሕመም በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊባባስበት ይችላል። ትንፋሹ የሚቆራረጥ ሕፃን በብርድ ረጅም ሰዓት እንዳይቆይም ጥንቃቄ ያሻል። ቄሶቻችንና ሼኮቻችን «መድኃኒትህን ይዘህ ና» የምትል አንዲት ቃል ቢጨምሩ ከብዙ ንግግር በላይ ሕይወት ታድናለች፤ ወላጅ በጭንቁ ቀን መጀመሪያ የሚያዳምጠው እነሱን ነውና።

ሦስተኛው መከራከሪያ ከሁሉም የሚከብደው ነው። «ቀድመን ብናውቅስ? ወረፋው ዓመታት ነው፤ ማወቁ ጭንቀት ብቻ ነው» ይላል። እውነት አለው። ዶክተር በላይ አበጋዝ የልብ ሕሙማን ሕፃናትን የሚረዳውን ድርጅት የመሠረቱት እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። በዚያን ጊዜ ሕፃናቱ የሚታከሙበት ዋና መንገድ ወደ ውጭ አገር መላክ ነበር። በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከል ተሠርቶ ሥራ የጀመረው በ2001 ዓ.ም. ነው። ለዓመታት ከውጭ የሚመጡ የበጎ ፈቃድ ቡድኖች ሲያግዙት ቆይቶ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ራሳቸው ወደሚሠሩበት ደረጃ ደርሷል። ያም ሆኖ ወረፋ የሚጠብቁት ከ7,000 በላይ መሆናቸውን ማዕከሉ ሲናገር ቆይቷል። ከዱርቤቴ አዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የመንገዱ፣ የማደሪያው፣ የሥራ መፍታቱ ወጪ ተደምሮ ቀጠሮው ቢደርስ እንኳ መሄጃ የሚያጣ ቤተሰብ አለ። ታዲያ ቀድሞ ማወቅ ምን ይጠቅማል?

ይጠቅማል፤ ምክንያቱም የወረፋው ጊዜ ባዶ ጊዜ አይደለም። በወረፋ ላይ ያለ ሕፃን በመድኃኒት የልቡ ድካም ይቀንሳል፤ በተመጣጠነ ምግብ ክብደቱ ይጨምራል፤ በክትባት ከሳንባ ምችና ከኩፍኝ ይጠበቃል፤ ጥርሱ በንጽሕና ከተያዘ ባክቴሪያ በደም አልፎ የታመመው ልብ ላይ እንዳይቀመጥ ይከላከላል። ሐኪሞችም ልጁን በየጊዜው ስለሚያዩት ሁኔታው ሲባባስ ወረፋው እንዲቀደምለት መጻፍ ይችላሉ፤ ጨርሶ ያልተመዘገበን ልጅ ግን ማንም አያስቀድምለትም። በቶንሲል ምክንያት ለመጣው የልብ ሕመም ደግሞ ማስረጃው ከዚህም ይጠነክራል። በሰሜን ኡጋንዳ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ የሆነ ጥናት ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 17 የሆኑ 818 ልጆችን አሳትፏል። ልጆቹ ምንም ሳያማቸው በልብ አልትራሳውንድ (ኢኮ) ብቻ የበሽታው መነሻ የተገኘባቸው ነበሩ። በየአራት ሳምንቱ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ከተሰጣቸው መካከል በሁለት ዓመት ውስጥ በሽታው የባሰባቸው 0.8 ከመቶ ሲሆኑ መርፌውን ካልወሰዱት መካከል 8.2 ከመቶ ሆነዋል። አሥር እጥፍ ልዩነት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው፤ ወረፋውን የማያውቀው ልጅ በዚህ መርፌ የተጠበቀው ነው።

እዚህ ላይ «መርፌው ይገድላል» የሚል ስጋት መኖሩን እናውቃለን፤ በዚህ ፍርሃት መርፌውን ለመውጋት የሚያመነቱ ጤና ባለሙያዎችም አሉ። ከባድ የፔኒሲሊን አለርጂ አለ፤ ግን እጅግ ጥቂት ነው። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ምክር ከመርፌው በኋላ የደረሱ ብዙ ድንገተኛ ሞቶች ከአለርጂ ይልቅ አስቀድሞ በጣም ከተጎዳ ልብ ጋር የተያያዙ ሊሆኑ እንደሚችሉ ገልጾ፣ የልባቸው በር ክፉኛ ለተጎዳ ሕሙማን የሚዋጥ ፔኒሲሊን እንዲታሰብ መክሯል። ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ግልጽ ነው። መርፌውን ለሁሉም መከልከል መፍትሔ አይሆንም፤ ልጁ ልቡ ሳይጎዳ በጊዜ መጀመር፣ ቀድሞ አለርጂ እንደነበረው መጠየቅ፣ ውኃ ጠጥቶና ተኝቶ እንዲወጋ ማድረግ፣ አድሬናሊን በቅርብ ማዘጋጀት፣ ከባድ ሕሙማንን ለይቶ ለሐኪም ማሳየት ነው መፍትሔው። እዚህም ቢሆን አደጋውን የሚያሳድገው መዘግየት ነው።

አራተኛው መከራከሪያ «ወባና የወሊድ ሞት ባለበት አገር የልብ ቀዶ ሕክምና ቅንጦት ነው» የሚል ነው። ጥቂት ገንዘብ ብዙ ሰው በሚያድንበት ይዋል ማለት ትክክለኛ ሐሳብ ነው። ነገር ግን የልብ ሕክምና የሚጀምረው ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ አይደለም፤ ጤና ኬላ ውስጥ ነው። የቶንሲል ሕክምና፣ የወር መርፌ፣ የእርግዝና ክትትልና የሕፃን ትንፋሽ ቆጠራ ሁሉ ከወባና ከወሊድ ሥራ ጋር በአንድ ቤት፣ በአንድ ባለሙያ የሚሠሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 አዲስ አበባ በሚገኘው የአፍሪካ ኅብረት ጽሕፈት ቤት የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ያወጡት የአዲስ አበባ መግለጫ በቶንሲል ምክንያት ለሚመጣው የልብ ሕመም የፔኒሲሊን አቅርቦትም የቀዶ ሕክምና ማዕከላትም አብረው እንዲስፋፉ የጠየቀው ሁለቱ ስለማይነጣጠሉ ነው። የዓለም ጤና ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ2018 በጉዳዩ ላይ ውሳኔ አሳልፏል። ደግሞም አብሮ የተወለደን ቀዳዳ መከላከያ መርፌ አይዘጋውም፤ ያ ልጅ አንድ ጊዜ በሚገባ ከታከመ የብዙ ዓመት ጤናና ሥራ ይጠብቀዋል። ይህን ቅንጦት ማለት አይቻልም።

ታዲያ ዱርቤቴ ምን ታድርግ? የኢትዮጵያ መንግሥት የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንን እ.ኤ.አ. በ2011 በሙከራ ሲጀምር ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዱ የእናንተው ደቡብ አቸፈር ነበር። የአንዱን ሕመም ሁሉም በጥቂት በጥቂቱ መሸከምን ከአገሪቱ ቀድማችሁ ሞክራችሁታል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። መድኑ የማይሸፍነው የመንገድና የማደሪያ ወጪ ነው ቤተሰብን የሚያስቀረው፤ ስለዚህ ዕድሮቻችን ለቀብር የሚያወጡትን ያህል ባይሆን እንኳ ከዚያ ቆርጠው ለሕፃናት የሪፈር ጉዞ የሚሆን መደብ ያኑሩ። ለሞተ ልጅ ድንኳን የሚተክል ዕድር በሕይወት ላለው ልጅ የአውቶቡስ መሳፈሪያ ቢሰጥ ከደንቡ አይወጣም። ወላጁ አዲስ አበባ ሲከርም ማሳው ጦም እንዳያድር በደቦ ይታረስለት፤ ቤት የቀሩት ልጆችም ጎረቤት ይያቸው። ትምህርት ቤቶች ቶንሲል የሚመላለስበትን፣ መገጣጠሚያው የሚያምመውን፣ ሲሮጥ ከእኩዮቹ ቀድሞ የሚደክመውን ተማሪ ለወላጁ ይንገሩ። ጤና ኬላና ጤና ጣቢያ የልብ ሕመም የሚጠረጥሩበት ሕፃን በወተት ዓባይና በመራዊ አድርጎ ባሕር ዳር ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ሳይዘገይ እንዲላክ ያድርጉ፤ የወር መርፌ የታዘዘለትን ልጅ ስም በመዝገብ ይዘው የቀረ እንደሆነ ቤቱ ድረስ ይጠይቁ።

ለወላጅ በመጨረሻ የምለው ይህን ነው። ፍርሃትህን የሚቀማህ የለም፤ ፍርሃትሽንም የሚቀማሽ የለም። የፈራ ወላጅ ግን ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ነገሩን ማቆየት ነው፤ ሌላው ፍርሃቱን ይዞ ጥያቄውን ለሐኪሙ ማቅረብ ነው። የመጀመሪያው መንገድ ሰላም ይመስላል፣ ነገር ግን የልጁን ጊዜ ይበላል። ሁለተኛው ያስጨንቃል፣ ልጁ ያለውን ዕድል ግን ይጠብቅለታል። ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ ቤታችሁ ውስጥ ሲጠባ የሚያልበው፣ የማይፋፋው፣ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ወይም መገጣጠሚያው አብጦ የከረመ ልጅ ካለ ለመጪው በዓል፣ ለመጪው አዝመራ፣ እህሉ እስኪሸጥ አታቆዩት፤ በዚህ ሳምንት ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ «ልቡን አዳምጡልኝ» በሉ። የልብ ቀዶ ሕክምናው በአብዛኛው የሚሠራው አዲስ አበባ ነው፤ በጊዜ መድረሱ የሚወሰነው ግን እዚህ ነው።